የመመረቂያ ሥራው ወደ ቀወት ይምጣ

ለአንድ ክፍት የሥራ ቦታ የገቡ የጀማሪ መሐንዲሶችን ማመልከቻዎች በተርታ ያነበበ ሰው፣ ስምና ዩኒቨርሲቲ ባይጻፍባቸው ኖሮ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት እንደማይችል ይታዘባል። ሁሉም አውቶካድ ያውቃሉ፤ ሁሉም በኢታብስ ሶፍትዌር ይሠራሉ፤ ሁሉም በቡድን ለመሥራት ዝግጁ ናቸው። «የሥራ ልምድ» በሚለው ርዕስ ሥር የአንድ ሴሚስተር ኢንተርንሺፕ ይጠቀሳል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ስለ መመረቂያ ሥራቸው የምትጻፈው አንዲት መስመር ደግሞ የሲቪል ተመራቂ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ስለ ባለ ስምንት ወይም ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ዲዛይን ናት፤ ሕንፃው የት እንደሚቆም፣ በምን ዓይነት አፈር ላይ እንደሚያርፍ፣ ማን እንደሚሠራው ግን አይታወቅም። እኔ የምከራከረው ስለዚህች መስመር ነው። ከሸዋ ሮቢት ወይም ከይፋት ቆላ ገጠር ቀበሌዎች ወጥቶ ምህንድስና የተማረ ወጣት የመጨረሻ ዓመት ሥራውን በገዛ ወረዳው ችግር ላይ ቢሠራ፣ ለመጀመሪያ ሥራው ከየትኛውም የሥልጠና ሰርተፊኬት የበለጠ ይጠቅመዋል። ዛሬ ይህ የማይሆነው በተማሪው ስንፍና አይደለም፤ ጉድለቱ በአብዛኛው የኛ የመምህራን፣ የመሥሪያ ቤቶችና የባለሙያዎች ነው።

የመጀመሪያ ሥራ ፍለጋ ድሮ እንዲህ አልነበረም። የአዲስ አበባው የምህንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም.፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ የሚመረቁት በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ሥራው ነበር ባለሙያ የሚፈልገው። በደርግ ዘመንም ተመራቂ በመንግሥት ምደባ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ የት እንደሚመደብ ያሳስበው ይሆናል እንጂ ሥራ ስለማግኘቱ አይጨነቅም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠና የሚለው የ70/30 ፖሊሲ መጣ። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና መሰሎቹ በየዓመቱ ምሩቅ ማውጣት ጀመሩ። ያን ጊዜ የኮንዶሚኒየም፣ የመንገድና የግድብ ሥራው ብዙ እጅ ይፈልግ ስለነበር ነገሩ ጎልቶ አልታየም። በእኛው ቆላ እንኳ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ድርጅት ሲገነባ፣ ጀማሪ መሐንዲስ በደጁ ሳይት ነበረው። እንዲህ ያሉ ፕሮጀክቶች ሲያልቁ ወይም ሲቆሙ የተመራቂው ቁጥር አብሮ አልቀነሰም። ለጀማሪ ይከፈት የነበረው በር ጠበበ፤ በጋዜጣውም በቴሌግራሙም «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ» የሚለው ማስታወቂያ በዛ።

ቀጣሪው ይህን የሚጽፈው ለክፋት አይደለም። ተቋራጭ የሚኖረው በወቅቱ ተሠርቶ በጸደቀ የክፍያ ሰርተፊኬት ነው። አንድ ሳይት ኢንጂነር የብረት ዝርዝሩን ተሳስቶ ቢያነብ፣ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ የሚፈርሰው በድርጅቱ ገንዘብ ነው። ስለዚህ «ልምድ» ሲል በመሠረቱ አንድ ነገር እየጠየቀ ነው፦ ይህ ሰው ስሕተቱ የሚያስከፍል እውነተኛ ነገር ላይ ተሰማርቶ ያውቃል ወይ? ጥያቄውን እንዲህ ስንረዳው መልሱ የግድ የሁለት ዓመት ደመወዝ መሆን እንደሌለበት ይገባናል። በራስ እጅ የተለካ፣ ከሰዎች ጋር ተነጋግሮ የተሰበሰበ፣ ቢሳሳት ስሕተቱ የሚታወቅበት ሥራ ያው ማስረጃ ነው። በቃለ መጠይቅ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የሕንፃውን ዲዛይን የሠራው ተመራቂ «የአፈሩን የመሸከም አቅም ይህን ያህል ያላችሁት ከምን ተነስታችሁ ነው?» ሲባል፣ የሚመልሰው «ገምተን ነው» ብሎ ነው። ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ አማካሪው ፈቅዶለታል፣ መጽሐፉም ሰንጠረዥ ሰጥቶታል። ግን ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የለም። ቁጥሩን ራሱ ለክቶ ያመጣ ሰው ሲሆን ግን ጥያቄው ይቀጥላል፦ መቼ ለካህ? በምን ለካህ? ከጠበቅኸው ለምን ተለየ? ሥራ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በዚህ ጭውውት መካከል ነው።

አሁን በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ወዳለው ወደ ቀወት ወረዳ እንምጣ። የደሴው አስፋልት ጣርማ በር ላይ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1280 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ውሃውም እንደ መንገዱ ነው። ሮቢትና ጀውሃን የመሰሉ ወንዞች ከደጋው አፋፍ ተነስተው በአጭር ርቀት ቆላውን ያገኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ላይ ሲዘንብ ጎርፉ ድንጋይና ደለል ተሸክሞ በፍጥነት ይደርሳል። ገበሬው በድንጋይ፣ በእንጨትና በአፈር የሠራውን ጠለፋ ይጠርገዋል፤ በኮንክሪት የተሠራውንም ቢሆን የውሃ መግቢያውን በደለል ይደፍነዋል። በጋ ሲገባ ያው ወንዝ ይቀጥናል። ያኔ ከላይ ያለው የሽንኩርት ማሳና ከታች ያለው በአንድ ውሃ ይሻማሉ፤ የውሃ አባቱም ተራ ያከፋፍላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ መልስ የሚሹ ተራ የሚመስሉ ጥያቄዎች አሉ። በጥር ወር ወንዙ በሰከንድ ስንት ሊትር ይሰጣል? ወደ አፈር ቦዩ ከገባው ውሃ ስንተኛው እጅ መጨረሻ ላይ ያለው ማሳ ይደርሳል? ደለሉን ለመጥረግ በዓመት ስንት የሰው ቀን ይፈጃል? ያ ድካም በገንዘብ ቢታሰብ ከአንድ የደለል ማስወገጃ በር ዋጋ ጋር እንዴት ይነጻጸራል?

ይህን ለመጀመር ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚፈስበትን ቦታ መርጦ በሜትር መለካት፣ የሚንሳፈፍ ነገር ጥሎ በስልክ ሰዓት መያዝ፣ የላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ያገኙትን ፍጥነት በ0.85 ገደማ ማባዛት፣ ከዚያ በወንዙ መስቀለኛ ስፋት ማባዛት ነው። ማንኛውም የውሃ ምህንድስና ተማሪ በሦስተኛ ዓመቱ ተምሮታል። ውጤቱ ሻካራ ነው፤ ግን እውነት ነው። ብዙ ትናንሽ ወንዞቻችን የፍሰት መለኪያ ጣቢያ የላቸውም፤ የመስኖ ዲዛይን ሲሠራላቸው ከሌላ ተፋሰስ በተወሰደ ቁጥር ይገመታሉ። በተከታታይ ወራት የተለካ የአንድ ወንዝ ፍሰት በእጁ ያለ ተመራቂ ታዲያ ለወረዳው የውሃም ሆነ የግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ለአማካሪ ድርጅትም ባዶ እጁን አልመጣም።

ሌሎቹም የትምህርት ዘርፎች እንዲሁ ናቸው፤ በዝርዝር ባልሄድበትም መጠቆሙ ይበቃል። የሲቪል ተማሪ ከፈለገ በክረምት የሚያብጠውና በበጋ የሚሰነጠቀው ዋልካ አፈር በቤቶች ግድግዳ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማጥናት ይችላል፤ ትንሽ ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በደብረ ሲና አቅራቢያ ቤትና ማሳ ያጠፋው የመሬት መንሸራተት አለ። ለመካኒካል ተማሪ የማሾ መውቂያ አለ፤ ማሾ ዛሬ በምርት ገበያ የሚሸጥ የዚህ ቆላ ሰብል ነው። ሽንኩርቱ በአንድ ሰሞን ተነቅሎ ዋጋው ሲወድቅ ገበሬው የሚያቆይበት አየር የሚያስገባ መጋዘን ስለሌለው ይሸጣል ወይም ይበሰብስበታል፤ ይህ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ጥናት ነው። ለኤሌክትሪክ ተማሪ በነዳጅ የሚሠሩትን የውሃ ፓምፖች በፀሐይ ኃይል መተካት በዚህ ሙቀትና በዚህ ዋጋ ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ክፍት ነው።

«ቀጣሪ የሚያየው ጂፒኤ ነው፤ ካልሆነም ዘመድ» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው። ብዙ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች በነጥብ ገደብ ያጣራሉ፤ ከገደቡ በታች ያለው ተማሪ የወንዝ መዝገቡ አይነበብለትም። በሰው የሚገባበት ቦታም መኖሩን ማንም አይክድም። ነገር ግን አብዛኛው የመጀመሪያ ሥራ የሚገኘው በእነዚህ በሮች አይደለም። የሚገኘው በአነስተኛ ተቋራጮች፣ በአማካሪዎች፣ በማኅበራት፣ በእርዳታ ድርጅቶች የመልሶ ማቋቋም ፕሮጀክቶች ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚወስነው ሰው አመልካቹን ፊት ለፊት አነጋግሮ ነው። ለዘመድ አልባው ተማሪ ደግሞ የወረዳ ጥናት ሌላ ነገር ይሰጠዋል፦ ከባለሙያው፣ ከፎርማኑ፣ ከውሃ አባቱ ጋር የሥራ ትውውቅ። ይህ ትውውቅ በሥራ የተገኘ ስለሆነ አያሳፍርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ጊዜው፣ ገንዘቡና ጸጥታው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከተፈተኑት ያለፉት ከግማሽ በታች ስለነበሩ የመጨረሻው ዓመት ፍርሃት የነገሠበት ሆኗል። የመመረቂያ ሥራውም በችኮላ ከቀድሞ ምሩቃን ጽሑፍ እየተቀዳ የሚያልፍ ሆነ። ለዚህ መልሴ ሥራውን መጨመር አይደለም፤ ለፎቅ ዲዛይኑ የሚውለውን ጊዜ ማዛወር ነው። ደግሞም የራሱን ወንዝ የለካ ተማሪ የሃይድሮሊክስ ጥያቄ ሲመጣበት ከሸምዳጁ ያነሰ አይሆንም። ስለ ጸጥታው ግን ማድበስበስ አይገባም። ጦርነቱ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ደርሷል፤ ከዚያም በኋላ የክልሉ ገጠር ለጥናት የማይመችባቸው ጊዜያት አሉ። ማንም ተማሪ ለመመረቂያ ሥራ ሲል ሕይወቱን አደጋ ላይ አይጣል። ቤተሰቡ በሚኖርበት ቀበሌ፣ ሁሉ በሚያውቀው ቦይ ዳር የሚደረግ ልክ ግን ወደማያውቁት አገር ከመሄድ ይልቅ ደኅንነት አለው፤ ያም ካልተቻለ ይቅር።

ከሁሉም የሚበልጠው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ ሥራው ራሱ ከሌለ የተሻለ ማመልከቻ ምን ይሠራል? አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይቀራል እንጂ የወንበሩ ቁጥር አይጨምርም። ይህን ክርክር አከብራለሁ፤ የሥራ አጥነቱን ሸክም በወጣቱ ትከሻ ላይ ለመጫን የሚውል ምክር ሁሉ መጥፎ ምክር ነው። ለተመራቂዎች ብዛት የሚመጥን ግንባታና ኢንዱስትሪ መፍጠር የመንግሥትና የባለ ሀብቱ ዕዳ ነው። ሆኖም በቀወት የሚሠራ ሥራ የለም ማለት አይቻልም። ቦዩ ተደፍኗል፤ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል። የጎደለው ችግሩን በቁጥር፣ በንድፍና በዋጋ አዘጋጅቶ በጀት ለሚመድብ አካል የሚያቀርብ ሰነድ ነው። ሰነድ የሌለው ችግር ከበጀት ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ በጀት ያልተያዘለት ደግሞ መሐንዲስ አይቀጠርለትም። ከዚህ አንጻር ጥሩ የወረዳ ጥናት አዲስ ወንበር የመፍጠር ዕድል አለው፤ ትንሽ ዕድል ቢሆንም የፎቁ ዲዛይን ግን ፈጽሞ የለውም።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለሦስት ወገን አቀርባለሁ። የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች ጥናት የሚሹ ችግሮቻቸውን በአንድ ገጽ ጽፈው በየዓመቱ መስከረም ላይ ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና ለኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ተቋም ይላኩ፤ ከደብዳቤው በቀር ወጪ የለውም። መምህራን ለተለካ ቁጥር ከተገመተው የበለጠ ነጥብ ይስጡ፤ ተማሪ ነጥብ ወዳለበት ይሄዳል። ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ደግሞ የምለው አጭር ነው፦ ወንዙ ቀጥኖ የሚገኘው የበልግ ዝናብ ሳይጀምር፣ ጥር ላይ ነው። የዕረፍት ጊዜያችሁ ከዚያ ጋር ከገጠመ ሜትርና ደብተር ይዛችሁ ወደ ቦዩ ውረዱ፤ የለካችሁትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ጽፋችሁ ያዙ፤ አንዱን ቅጂ ለወረዳው አስገቡ፤ ሌላውን ከማመልከቻችሁ ጋር አያይዙት።