ከባድ ወንጀል የፈጸመ ታዳጊ፦ የፊቅህ ሚዛንና የአገራችን ሕግ

በጣና አካባቢ፣ ከባሕር ዳር እስከ ወንዛዬ ባሉ ከተሞችና መንደሮች፣ ታዳጊ ልጅ የሰው ሕይወት ሲያጠፋ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ብቻ አያበቃም። የሟች ወገን ደሙን ይጠይቃል፤ የገዳይ ወላጆች ልጃቸው ገና ልጅ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ኢማሙም በሁለቱ መካከል ቆሞ «ሸሪዓው ምን ይላል?» ተብሎ ይጠየቃል። በዚህ ጽሑፍ ፉቀሃእ ያስቀመጡትን ሚዛን ከአገራችን ሕግ ጋር እናነጻጽራለን።

የጉዳዩ መሠረት ከዐይሻና ከዐሊይ (ረ.ዐ.) የተላለፈው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲሥ ነው። ሐዲሡ ልጅን ከተኛና አእምሮው ከታወከ ሰው ጋር በአንድ ረድፍ አስቀምጦ፣ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ የተጠያቂነት ብዕር እንደማይጽፍበት ያስረዳል። ስለዚህ ባሊግ ባልሆነ ልጅ ላይ ቂሷስም ሆነ ሑዱድ እንደማይፈጸም አራቱ መዝሀቦች ይስማማሉ።

ይህ ማለት ግን የተጎጂው መብት ይቀራል ማለት አይደለም። ልጅ ሰው ከገደለ ዲያ ይከፈላል። በሐነፊ፣ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀቦች የልጅ ሆን ብሎ መግደል እንደ ስሕተት ስለሚቆጠር ዲያውን የሚሸከሙት የአባቱ ወገን ዘመዶች ናቸው። በሻፊዒ መዝሀብ በተመረጠው አስተያየት ግን ክፉና ደጉን የለየ ልጅ ድርጊት ሆን ተብሎ እንደተፈጸመ ስለሚታይ፣ ዲያው ከራሱ ሀብት ይወጣል። ልጁም በተእዲብ ይታረማል፤ ተእዲብ ማረቂያ እንጂ በቀል አይደለም።

ልጅነት የሚያበቃው መቼ ነው? የአካል ምልክት ከታየ በምልክቱ ይወሰናል። ካልታየ ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች 15 የጨረቃ ዓመትን ወሰን ያደርጋሉ፤ ማስረጃቸውም ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) በ14 ዓመቱ ለኡሑድ ሳይፈቀድለት ቀርቶ በ15 ዓመቱ ለኸንደቅ መፈቀዱ ነው። አቡ ሐኒፋ ለወንድ 18፣ ለሴት 17 ብለዋል፤ ደቀ መዛሙርታቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን 15 ይላሉ። በማሊኪዮች ዘንድ የታወቀው 18 ነው። 15 የጨረቃ ዓመት በፀሐይ አቆጣጠር 14 ዓመት ከመንፈቅ ያህል መሆኑን ልብ ይሏል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለሃይማኖታዊ ሕግ የተወው በተከራካሪዎች ፈቃድ የሚታዩ የግልና የቤተሰብ ጉዳዮችን ነው፤ ወንጀል የመደበኛ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው መደበኛ ቅጣት አይጣልበትም፤ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋርም አይታሰርም። ጥፋቱ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ በአንቀጽ 168 መሠረት ከ10 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ወደ ማረሚያ ሊላክ ይችላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው በመደበኛው ሕግ ቢዳኝም ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ የሞት ፍርድ ግን አይፈረድበትም።

ሁለቱን ስናስተያይ ልዩነት እናገኛለን። በሻፊዒዮች ዘንድ ባሊግ የሆነ የ16 ዓመት ወጣት በቂሷስ ሊጠየቅ ይችላል፤ የአገሪቱ ሕግ ግን ከሞት ይጠብቀዋል። ቁርኣን በአል-ኒሳእ ምዕራፍ 6ኛ አንቀጽ የቲሞች ገንዘባቸውን እንዲረከቡ ከመድረስ በተጨማሪ ሩሽድን፣ ማለትም የአስተሳሰብ ብስለትን፣ ይጠይቃል። ቀደምት ፉቀሃእ ሩሽድን ለቂሷስ መስፈርት አላደረጉትም። ይሁን እንጂ አካልና ብስለት አብረው ላይደርሱ እንደሚችሉ አንቀጹ ያሳያል። በተዕዚር ዘርፍም ዳኛው የጥፋተኛውን ሁኔታ እንዲመዝን ሰፊ ሥልጣን ተሰጥቶታል። እኛም 18 ዓመትን ወሰን ማድረግ ከሸሪዓ ዓላማ ጋር የሚጣላ ሆኖ አናገኘውም።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙዎች የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። ስለ ዕድሜ የሚጠየቅ የመድረሳ መምህር የአንድ ዓመት ልዩነት የፍርዱን ዓይነት እንደሚለውጥ ይወቅ፤ ለዘመድ ብሎ ዕድሜ መቀነስም፣ ለሟች አዝኖ መጨመርም የሐሰት ምስክርነት ነው።

ሁለተኛ፣ ዕርቅና ካሣ ደም መመለስን ያስቀራሉ እንጂ የነፍስ ግድያን ክስ አያስቀሩም። በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ጉዳቱን ለመካስ መጣሩ ግን በሕጉ ቅጣት ማቅለያ ነው። ስለዚህ ኢማሙ ልጁን እንዲደብቁት ሳይሆን እጁን እንዲሰጥ ቤተሰቡን ይምከር፤ የሟችንም ቤት ከማጽናናት አይራቅ።

ሦስተኛ፣ ማረሚያ የገባ ልጅ ከመስጊዱ አይቆረጥ። ቅጣቱ ሲያበቃ ወደዚያው ሰፈር ይመለሳል፤ በዚያን ጊዜ የሚጠብቀው የተማረው ትምህርትና የሚቀበለው ጀመዓ ነው። ወላሁ አዕለም።