ስለ ረጲ የቆሻሻ ክምር ጠባይ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ፣ ረጲ በሚባለው ስፍራ ወደ 36 ሔክታር የሚሆን መሬት የሸፈነ የቆሻሻ ክምር ይገኛል። ሕዝቡ «ቆሼ» ይለዋል። የአዲስ አበባ ጥራጊ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሲደፋበት ኖሯል። ቦታው ሲመረጥ ከከተማው ዳር ነበር፤ ኋላ ግን ከተማው እየሰፋ ሄዶ ከበበው፤ ድኻውም ከክምሩ ሥር ጎጆ ቀለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ይህን ስንጽፍ ዓላማችን በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። እንዲህ ባለ ክምር ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ለማስረዳት ነው፤ የነገሩ ጠባይ ሳይታወቅ መድኃኒት ማዘዝ አይቻልምና።

ከከተማው ቤቶች ከሚወጣው ጥራጊ የሚበልጠው እጅ የማጀት ትራፊ ነው፤ ይኸውም የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ የመሳሰለው ነው። ይህ ሁሉ እርጥብ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ ሲደፋበት አየር ያጣል፤ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ሲያበሰብሱት ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት፣ በክብደት እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 ጊዜ ያህል አብልጦ ምድርን ያሞቃል፤ በክምሩም ውስጥ ሲጠራቀም እሳት ያስነሣል። ከብስባሹ የሚንጠፈጠፈው ጥቁር ውሃ ደግሞ መውጫ ሲያጣ በውስጡ ያቁራል። ውሃ የጠጣ ክምር ክብደቱ ይጨምራል፣ እርስ በርሱ የተያያዘበት ኀይል ግን ይላላል፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ሲሆን አደጋው ይብሳል። ብዙ ሰው መናድን የክረምት ነገር ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ መጋቢት ግን ክረምት አይደለም። እርጥበቱ ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከየማጀቱም ይመጣል።

ከአደጋው በፊት፣ ከከተማው በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሰንዳፋ አዲስ ማራገፊያ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ተቃወሙ በዚያው ዓመት ተቋረጠ፤ መኪኖቹም ወደ ረጲ ተመለሱ። (ተቃውሟቸውን እንደ አላዋቂነት የሚቈጥር ሰው አለ። የሌላው ጥራጊ በደጁ ሲወርድበት ዝም የሚል ማን ነው?)

ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ያህል ጥራጊ እንዲያቃጥል ታቅዶ ነበር። ነገር ግን እርጥብ ጥራጊ እንደ እርጥብ እንጨት ነው፤ ሙቀቱ አስቀድሞ የሚውለው ውሃውን ለማትነን ነው። የዓለም ባንክ መመሪያ እንደሚለው፣ እንዲህ ላለው ምድጃ ከአንድ ኪሎ ጥራጊ በዓመት አማካይ ከ7 ሜጋጁል ያላነሰ ሙቀት ሊገኝ ይገባል። የማጀት ትራፊ ለበዛበት ጥራጊ፣ ያውም በሐምሌና በነሐሴ፣ ይህ ቀላል አይደለም።

ከአደጋው በኋላ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የፉኩዎካ ዘዴ የተባለው ወደ ረጲ መጣ። በክምሩ ሥር ቱቦ ይዘረጋል፤ ጥቁሩ ውሃ በቱቦው ሲወጣ አየር በዚያው ይገባል፤ ሚቴኑ ይቀንሳል፣ ክምሩም ይረጋል። በአንዳንድ አገሮች ቱቦው ከቀርከሃ ተሠርቷል። እኛ ከምድጃው ይልቅ ይህን እናስበልጣለን፤ ዋጋው ትንሽ፣ አሠራሩም በአገር እጅ የሚያዝ ነውና።

ሆኖም ቱቦውም ሆነ ምድጃው እርጥቡን ከደጅ አያስቀርም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ተመልሶ የሚጠቅመውን ጥራጊ ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከልክሏል። በተግባር ግን የመለየቱን ሥራ የሚሠራው ቁራሌው፣ ልዋጩና በቆሼ ላይ በእጁ የሚፈትሸው ሰው ነው። ብረቱና ፕላስቲኩ በእነርሱ አማካይነት ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ የሽንኩርት ልጣጭ ግን ገዢ የለውም። በከተማው የጽዳት ክፍያ የሚሰበሰበው ከውሃ ሒሳብ ጋር ነው። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ፣ እርጥቡን ለይተው ለሚያስረክቡ የሰፈር የጽዳት ማኅበራት በኪሎ ቢከፈልና ትራፊው ብስባሽ ማዳበሪያ ሆኖ ለአትክልት ቢውል፣ ሙከራውን በኮልፌ በአንድ ወረዳ መጀመር ይቻላል።