ፍርድና ምጽዋት፦ የአየርላንድ የፓንክ ሙዚቃና የኅብረተሰብ በደል

ስለ አየርላንድ ሲነሣ በብዙ ኢትዮጵያውያን ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው ሰው ቦብ ጌልዶፍ ነው። በሰባ ሰባቱ ረኀብ ጊዜ ዘፋኞችን አስተባብሮ ርዳታ ያሰባሰበ በመሆኑ ስሙ ከዚያ ክፉ ዘመን ትዝታ ጋር ተቆራኝቶ ይኖራል። ይሁን እንጂ ይህ ሰው የወጣበት የሙዚቃ ስልት ምን እንደ ነበር፣ ያም ስልት በገዛ አገሩ ስለ ግፍ ምን ይናገር እንደ ነበር በእኛ ዘንድ እምብዛም አልተመረመረም። በዚህ ጽሑፍ የአየርላንድ የፓንክ ሙዚቃ ከኅብረተሰብ በደል ጋር የነበረውን ግንኙነት ባጭሩ ካስረዳን በኋላ፣ ወደ እኛ አገር ጉዳይ በተሻገረ ጊዜ ምን እንደ ጎደለው ለማሳየት እንሞክራለን። ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ፓንክ በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክና በለንደን ብቅ ያለ፣ ፈጣን፣ አጭርና ሸካራ የሮክ ሙዚቃ ነው። መሠረተ ሐሳቡ ቀላል ነው። ጊታር በመጠኑ መምታት የቻለ ማንኛውም ወጣት የታላላቆቹን የሸክላ ኩባንያዎች ደጅ ሳይጠና የራሱን ዘፈን ደርሶ ሊያሰማ ይችላል የሚል ነው። በቅኔ ባህል ያደገ ጆሮ ነቀፋን በሰም ሸፍኖ ወርቁን ለሚገባው መተውን ያውቃል። ፓንክ ግን ሰም የሌለው ወርቅ ነው፤ በዳዩን ፊት ለፊት ይናገረዋል።

ይህ ስልት ወደ ሰሜን አየርላንድ ሲገባ ያገኘው ሁኔታ ከለንደኑ የተለየ ነበር። በብሪታንያ ሥር በቀረው በዚያ ግዛት ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998ቱ የሰላም ስምምነት በዘለቀው ግጭት ከ3,500 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በቤልፋስት ብዙ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ሰፈሮች በግንብ የተለያዩ ነበሩ፤ ወደ መሀል ከተማ የሚገባም ሰው ይፈተሽ ነበር። በሐምሌ 1975 ማያሚ ሾውባንድ የተባለው ባንድ ከዝግጅት ሲመለስ የፕሮቴስታንት ታጣቂዎች መንገድ ላይ አስቁመው ሦስት ሙዚቀኞችን ገደሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የውጭ ሙዚቀኞች ወደ ሰሜን መምጣትን ፈሩ። በጥቅምት 1977 ክላሽ የተባለው የለንደን ባንድ በአልስተር አዳራሽ ሊያቀርበው የነበረው ዝግጅት በመድን ጉዳይ ሲሰረዝ፣ ደጅ ላይ ይጠብቁ የነበሩት ወጣቶች ከፖሊስ ጋር ተጋጩ።

ከውጭ የሚመጣ ሲጠፋ ወጣቶቹ የራሳቸውን ፈጠሩ። ቴሪ ሁሊ የተባለው የቤልፋስት ሸክላ ነጋዴ በ1978 «ጉድ ቫይብሬሽንስ» በሚል ስም የአካባቢውን ልጆች ዘፈን ማሳተም ጀመረ። ሃርፕ ባር በተባለው መጠጥ ቤትም ከሁለቱ ወገኖች የመጡ ወጣቶች በአንድ ጣራ ሥር ይጨፍሩ ነበር። የወላጆቻቸው አብያተ ክርስቲያናትና ፓርቲዎች ያላገናኟቸውን ልጆች ሙዚቃ አገናኛቸው ማለት ነው።

ከእነዚህ ባንዶች መካከል ስቲፍ ሊትል ፊንገርስ የተባለው በ1978 ባወጣቸው ሁለት ዘፈኖች፣ በ1979ም ባሳተመው የመጀመሪያ አልበሙ የወታደሩን ፍተሻም የታጣቂዎቹንም ማስፈራራት አወገዘ፤ አልበሙ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ 14ኛ ደረጃ ደረሰ። በአንጻሩ ከዴሪ ከተማ የተነሣው አንደርቶንስ ስለ ጉርምስና ፍቅር መዝፈንን መረጠ። ስቲፍ ሊትል ፊንገርስ ግጥሙን ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ይጽፍ ስለ ነበር መከራችንን ለገበያ አወጣ የሚል ነቀፌታ ተሰንዝሮበታል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በደልን መናገር ብቻውን አይበቃም፤ ማን ይናገረው፣ ለማንስ ይናገረው የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ዝምታን የመረጠው ባንድ እንኳ ዝምታው እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። በ1981 ቦቢ ሳንድስ በእስር ቤት የረኀብ አድማ ላይ እያለ በሞተበት ወቅት፣ የአንደርቶንስ ጊታር መቺ በቴሌቪዥን ሲቀርብ ክንዱ ላይ ጥቁር የሐዘን ጨርቅ አስሮ ነበር።

በደቡቡ ሪፑብሊክ ደግሞ የነቀፋው ዒላማ የመንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ሽርክና ነበር። በ1935 የወጣው ሕግ የወሊድ መከላከያ ሽያጭን ይከለክል ነበር፤ ፍቺም እስከ 1995ቱ ሕዝበ ውሳኔ ድረስ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ነበር። «ወደቁ» የተባሉ ሴቶች በገዳማውያት በሚተዳደሩ የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ያለ ደመወዝ ይሠሩ ነበር፤ የመጨረሻው የተዘጋው በ1996 ነው። የጌልዶፍ ባንድ ቡምታውን ራትስ በ1975 በደብሊን አካባቢ ሲቋቋም ይህን ሥርዓት ሊነቅፍ የሚደፍር ሰው ጥቂት ነበር። ጌልዶፍ በአገሩ ታዋቂ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቦ ቀሳውስቱንም ፖለቲከኞቹንም ነቀፈ። በ1980 ባወጣው «ባናና ሪፐብሊክ» በተባለው ዘፈኑም ይህንኑ ደገመ፤ በዚህም የተነሣ በአገሩ መድረክ ማግኘት ቸገረው። ከእርሱ በኋላ የመጣችው ዘፋኝ ሺኔድ ኦኮነር በ1992 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የሮማውን ጳጳስ ሥዕል ቀድዳ የሕፃናትን መደፈር ስታወግዝ ዓለም አፌዘባት። በ2009 በአየርላንድ የወጡት የመርማሪ ኮሚሽኖች ሪፖርቶች ግን የጮኸችበት በደል እውነት መሆኑን አረጋገጡ።

ለስደተኛ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የለንደኑ ፖግስ ነው። ይህ በ1982 የተቋቋመ ባንድ የአየርላንድን የባህል ዘፈን ከፓንክ ጋር አዋሐደ፤ መሪው ሼን ማክጋወን በእንግሊዝ የተወለደ የስደተኞች ልጅ ነበር። በኅዳር 1974 በበርሚንግሃም መጠጥ ቤቶች ላይ በተጣለ ቦምብ 21 ሰዎች ሲሞቱ፣ ስድስት አየርላንዳውያን ተይዘው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የአየርላንድ አነጋገር ያለው ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ፖግስ በ1988 ሰዎቹ ንጹሓን ናቸው ብሎ ዘፈነ፤ የንግድ ራዲዮና ቴሌቪዥን ተቆጣጣሪው ባለ ሥልጣንም ዘፈኑ እንዳይተላለፍ አገደ። በመጋቢት 1991 ፍርዱ ተሽሮ ስድስቱ ከእስር ወጡ። ዘፈን አስፈታቸው ማለታችን አይደለም፤ ያስፈቷቸው የሕግ ባለሙያዎች፣ ጋዜጠኞችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ነገር ግን ዘፈኑ የጠየቀው ርኅራኄን ሳይሆን ፍርድን ነበር።

ወደ እኛ አገር ጉዳይ እንመለስ። በጥቅምት 23 ቀን 1984 ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈውን የማይክል በርክንና የሞሐመድ አሚንን ዘገባ ያየው ጌልዶፍ፣ ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖ የባንድ ኤይድን የገና ዘፈን አዘጋጀ፤ በሐምሌ 13 ቀን 1985 ደግሞ የላይቭ ኤይድ ዝግጅት በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። በዚህ የዳነ ነፍስ ብዙ ነው፤ ይህን መካድ ምስጋና ቢስነት ይሆናል። ዘፈኑን ግን በፓንክ ሚዛን ብንመዝነው ቀልሎ ይገኛል። ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ክርስትናን የተቀበለችውን አገር ሕዝብ ገና መሆኑን ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ዓባይ የሚፈልቅባትን ምድር ወንዝ እንደሌላት አድርጎ ይሥላል። ከሁሉ በላይ በዳይ የለበትም። በሰሜን ይካሄድ የነበረው ጦርነት፣ ሕዝብ እየረገፈ በመስከረም 1984 በታላቅ ድግስ የተከበረው የደርግ አሥረኛ ዓመት በዓል፣ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው የተጋዘበት የሰፈራ ዘመቻ፣ አንዱም አይነሣም።

አየርላንዳዊ ይህን ማጣቱ ያስገርማል። ከ1845 እስከ 1852 አንድ ሚሊዮን ያህል ወገኖቹ በረኀብ ሲያልቁ እህልና ከብት ከአገሪቱ ወደ እንግሊዝ ይጫን እንደ ነበር፣ ጥፋቱም የድንች በሽታ ብቻ ሳይሆን የመሬት ሥሪትና የመንግሥት ፖሊሲ መሆኑን ከሕፃንነቱ ይማራል።

እርግጥ ነው፣ እህሉን ለማድረስ ከደርግ ጋር መሥራት ግድ ነበር። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ሰፈራውን በአደባባይ ስላወገዘ በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባርሯል። ዝምታ ዋጋ እንደ ነበረው ሁሉ መናገርም ዋጋ ነበረው። እንዲያውም ችግሩ ከአንድ ዘፋኝ በላይ ነው። በቤልፋስትና በደብሊን የተበደለው ራሱ ዘፈነ፤ ስለዚህ በዳዩን ያውቀው ነበር። ስለ ወሎና ስለ ትግራይ ገበሬ ግን የዘፈነለት ሌላ ነው፤ ሩቅ ያለ ሰው የሚያየው ደግሞ የደረቀውን ምድርና የከሳውን ሕፃን ነው።

ይህ ዘፈን በ1989፣ በ2004 እና በ2014 እንደ ገና ተቀርጿል፤ በ2014 የኢቦላ ወረርሽኝ ርዳታ ማሰባሰቢያ ሆኗል። በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን አገራቸውን አስቀድመው የሚሰሟት በየገናው በሚዘፈነው በዚህ ዜማ ነው። ዘፋኙን መውቀስ ቀላል ነው። የዚያን ረኀብ ምክንያት ከነበዳዩ መዝግቦ፣ ልጆቹ በሚያነቡት ቋንቋ ጭምር ማቅረብ ግን የእኛ ዕዳ ነው።