ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ፤ በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል



በቋንቋችን «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ሁለት ነገርን ያመለክታል። አንደኛው፥ ሰው ኀጢአቱን ለነፍስ አባቱ የሚናገርበት ነው፤ ሁለተኛው፥ ከሞተ በኋላ ንብረቱ ለማን እንዲሆን የሚወስንበት የመጨረሻ ቃሉ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም የተጠሩት በከንቱ አይደለም። አባቶቻችን በታመሙ ጊዜ የነፍስ አባታቸውን አስጠርተው፥ የነፍሳቸውን ጉዳይ ከፈጸሙ በኋላ፥ በዚያው መኝታ ላይ ሆነው፥ ሽማግሎች እየሰሙ፥ «ይህ ለእገሌ፥ ያ ለእገሊት ይሁን» ይሉ ነበርና። ያለባቸውን ዕዳ ያስታውቃሉ፤ ያበደሩትን ይናገራሉ፤ ልጆቻቸውንም ለአደራ ተቀባይ ይሰጣሉ።

ልማዱ መልካም ነው፤ አሳቡም የቤተ ሰብን ሰላም መጠበቅ ነው። ነገር ግን ዛሬ በአገራችን የሚሠራበት ሕግ በሞት አፋፍ ላይ በቃል ለሚነገር ኑዛዜ የሚሰጠው ኀይል እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የነፍስ ኑዛዜ እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ድረስ በሩ ክፍት ቢሆንም፥ የንብረት ኑዛዜ ግን በጤና ጊዜ፥ በረጋ አእምሮ፥ በጽሑፍ ሊደረግ ይገባዋል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህን በዝርዝር ማስረዳት ነው።

ብዙ ሰው ኑዛዜ ከመጻፍ የሚሸሸው «ሟርት ነው» በማለት ነው። ቤተ ሰቡም «ለምን ክፉ ታስባለህ?» ብሎ አፉን ያስይዘዋል። ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ ወደ ንጉሥ ሕዝቅያስ ተልኮ ቤቱን እንዲያዘጋጅ በነገረው ጊዜ፥ ንጉሡ ጸልዮ 15 ዓመት ተጨመረለት እንጂ ስለ ቤቱ በማሰቡ ዕድሜው አላጠረም። ቤትን ማሰናዳት ሞትን አይጠራም፤ የሚያስቀረው ጠብን ነው።

ሕጉ ከየት መጣ?

በቀድሞ ዘመን የውርስ ነገር በአገር ልማድና በፍትሐ ነገሥት ይዳኝ ነበር። ፍትሐ ነገሥት መሠረቱ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጻዊው ሊቅ በኢብን አል-ዐሳል የተሰበሰበ ሲሆን፥ መንፈሳዊውንና ሥጋዊውን ሕግ በየክፍሉ ይዞ ስለ ውርስም ይደነግጋል። በኋላም የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ስለ ውርስና ስለ ኑዛዜ ዛሬም ዳኞች የሚፈርዱበት ዋናው ሕግ እርሱ ነው። የባልና ሚስትን ንብረት በተመለከተ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግና የየክልሉ የቤተሰብ ሕጎች ይሠሩበታል።

ኑዛዜ ባይኖር ምን ይሆናል?

ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት ንብረቱን ሕጉ ራሱ ያከፋፍለዋል። በመጀመሪያ የሚጠሩት ልጆች ናቸው፤ ሁሉም እኩል ይካፈላሉ። ወንድና ሴት፥ ታላቅና ታናሽ ብሎ መለየት የለም። በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም መብታቸው አንድ ነው፤ የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ተወለደ ልጅ ይቈጠራል። አስቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ፥ የእርሱ ልጆች በእርሱ ቦታ ተተክተው ድርሻውን ይወስዳሉ። ሟቹ ምንም ተወላጅ ከሌለው ወደ አባትና ወደ እናት ይሄዳል፤ ከእነርሱ አንዱ ወይም ሁለቱ በሕይወት ባይኖሩ የእነርሱ ተወላጆች፥ ማለት የሟቹ እኅትና ወንድም፥ ይተካሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ባል ለሚስቱ፥ ሚስትም ለባልዋ፥ ኑዛዜ ከሌለ በሕግ ወራሽ አይደሉም። በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ የሚወስደው ከጋራ ንብረት የራሱን ግማሽ ነው፤ ይህም ውርስ ሳይሆን አስቀድሞም የእርሱ የነበረ ገንዘብ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረ፥ ወይም በውርስና በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣ ንብረት ግን የግል ነውና ለሟቹ ወራሾች ያልፋል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ አባወራ ከሚስቱ ጋራ ያፈራው 4,000,000 ብር የሚያወጣ ቤት አለው እንበል፤ አራት ልጆችም ወልዷል። ከአራቱ አንዱ ሁለት ልጆች ትቶ አስቀድሞ ሞቷል። አባትየው ሳይናዘዝ ቢሞት፥ ሚስቱ 2,000,000 ብር የሚያህለውን ግማሿን ታስቀራለች። የቀረው 2,000,000 ለአራት ይከፈላል፤ ሦስቱ ልጆች እያንዳንዳቸው 500,000፥ ሁለቱ የልጅ ልጆች ደግሞ እያንዳንዳቸው 250,000 ይደርሳቸዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ጭንቁ የሚመጣው ቤቱ አንድ በመሆኑ ነው። ከወራሾቹ ማናቸውም «ድርሻዬን» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ቤቱ የማይከፈል ቢሆንና ባይስማሙ ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈላል። በዚህ ጊዜ በስተርጅና ከኖረችበት ቤት የምትወጣው እናት ናት። አባትየው በሕይወት ሳለ የራሱን ድርሻ በከፊል ለሚስቱ ተናዞ፥ ወይም እስክትሞት ድረስ በቤቱ እንድትኖርበት አዝዞ ቢሆን ኖሮ፥ ልጆቹም ከእናታቸው ጋራ ባልተካሰሱ ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የቀብር ወጪ፥ ውርሱን ለማጣራት የወጣው ወጪና የሟቹ ዕዳ እንደሚከፈል መታወቅ አለበት። ወራሾች የሚካፈሉት ከዚህ የተረፈውን ነው።

ሦስት ዓይነት ኑዛዜ

1ኛ. በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ። ይህን ተናዛዡ ራሱ ወይም እርሱ እየነገረው ሌላ ሰው ይጽፈዋል። መጻፍና ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች የሚስማማው ይህ ነው። ኑዛዜው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ ውስጥ ይገለጻል፤ ወዲያውኑም ተናዛዡና ምስክሮቹ ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያደርጋሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፥ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ውል የሚያዋውል ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ልብ በሉ፤ አራት ምስክር ፈርሞበት ሳለ «በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ተነበበ» የሚል ቃል ስለ ጐደለው ብቻ የሚፈርስ ኑዛዜ አለ። አንድ መስመር መጻፍ የተረሳ እንደ ሆነ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ አሳብ ከንቱ ይሆናል።

2ኛ. በተናዛዡ እጅ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ። ይህ ምስክር አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ተናዛዡ በገዛ እጁ ሊጽፈው፥ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ሊናገርበት፥ በየገጹም ቀን ጽፎ ሊፈርምበት ይገባል። ሌላ ሰው «ላሳምርልህ» ብሎ ቃል ቢጨምርበት አደጋ ነው። ደግሞም ይህ ዓይነት ኑዛዜ ከተጻፈ በኋላ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በአደራ ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል። በሣጥን ውስጥ ከመጽሐፍ መካከል ተደብቆ ለዓመታት የኖረ ወረቀት፥ በተገኘ ጊዜ ዋጋ የሌለው ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት ይህ ነው።

3ኛ. በቃል የሚደረግ ኑዛዜ። ሰው ሞቱ እንደ ቀረበ ተሰምቶት ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። ሕጉ ይህን ሲፈቅድ በሦስት ነገር ወስኖታል፤ ስለ ቀብሩ ሥርዓት ማዘዝ፥ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹን ስለሚያሳድግና ስለሚጠብቅ ሰው መናገር፥ እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ መስጠት። ቤትን ያህል ነገር በዚህ መንገድ ማውረስ አይቻልም። ተናዛዡም ድኖ ሦስት ወር ቢኖር ኑዛዜው ይፈርሳል። እንግዲህ በመጨረሻዋ ሰዓት በነፍስ አባትና በጎረቤት ፊት የተነገረው ቃል፥ ለኅሊና የከበረ ቢሆንም፥ በችሎት ፊት ይህን ያህል ጠባብ ነው።

ኑዛዜን የሚያበላሹ ስሕተቶች

ባልና ሚስት በፍቅር ተስማምተው በአንድ ወረቀት ላይ አብረው መናዘዝ ይወዳሉ። አሳቡ የተመሰገነ ነው፤ ሕጉ ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉትን ኑዛዜ አይቀበልም። እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ይጻፉ።

ከኑዛዜው ጥቅም የሚያገኝ ሰው ምስክር ሊሆን አይገባም። እንደዚሁም ሕጉ በሕመም ጊዜ ሲረዱ ለነበሩ ሐኪምና ካህን የሚደረገውን ስጦታ በጥርጣሬ ይመለከተዋል። ይህ ለካህናት ስድብ ሳይሆን ለስማቸው አጥር ነው፤ የነፍስ አባትም የመንፈስ ልጁ ስለ ንብረት ሲያማክረው ወደ ሕግ ዐዋቂ ቢመራው ለሁለቱም የተሻለ ይሆናል።

ልጅን ከውርስ መንቀል የሚፈልግ ወላጅ በግልጽ ተናግሮ ምክንያቱን መጻፍ አለበት፤ ምክንያት የሌለው መንቀል አይጸናም፤ ዳኛም የተጻፈው ምክንያት የሚበቃ መሆኑን ይመረምራል። አንዱን ልጅ አበላልጦ ሌላውን እጅግ ያሳነሰ እንደ ሆነም፥ የተጐዳው ልጅ ከሚገባው ድርሻ ከሩብ በላይ ጐደለብኝ ብሎ ክርክር ሊያነሣ ይችላል። በቍጣ ሰዓት የተጻፈ ኑዛዜ ጸሓፊው ከሞተ በኋላም ሲቈጣ ይኖራል፤ ስለዚህ ቍጣ ሲበርድ መጻፍ ይሻላል።

ስለ ሴት ልጆችም አንድ ቃል እንበል። በኦሪት የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ስለ አባታቸው ርስት በሙሴ ፊት ቆመው ተፈርዶላቸዋል። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል እንደ ሆኑ ይናገራል። «እርስዋ አግብታ ሄዳለች» ማለት ድርሻን አያስቀርም።

ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ካለም፥ አባት ይህን በሕይወቱ ሳለ አስታውቆ ልጅነቱን በሕግ ያረጋግጥለት። በአርባው ቀን፥ እናት በሐዘን ተቀምጣ ሳለች፥ የማይታወቅ ልጅ በደጅ ሲቆም የሚደርሰውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ልጁ አልበደለም፤ ዝም ያለው አባት ሁለቱንም ወገን በደለ።

የፍርድ ቤትን ደጅ ማሳጠር

ፍርድ ቤትን ፈጽሞ ላይረግጡ ይችላሉ ማለት አይቻልም፤ ወራሽ መሆንን ለማስመስከር የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነውና። ነገር ግን መንገዱን ማሳጠር ይቻላል።

በመጀመሪያ፥ በኑዛዜው ውስጥ ታማኝ የሆነ የኑዛዜ አስፈጻሚ ይሰየም። ውርሱን የሚያጣራው፥ ዕዳ የሚከፍለው፥ ንብረቱን ቈጥሮ የሚያስረክበው እርሱ ነው። ሁለተኛ፥ በሕይወት ሳሉ በስጦታ ማስተላለፍ ይቻላል፤ የቤት ስጦታ ግን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በሚጻፍበት ሥርዓት መሠረት ካልተደረገ አይጸናም። ስጦታ የሰጠም ሰው ለራሱ ማደሪያ ማስቀረቱን አይርሳ። ሦስተኛ፥ የሕይወት ኢንሹራንስ ያለው ሰው ተጠቃሚውን በስም ይጻፍ፤ ለተጠቀሰው ሰው የሚከፈለው ገንዘብ ከውርሱ ጋራ አይቀላቀልም። በሞት ምክንያት ለቤተ ሰብ የሚሰጥ ጡረታም እንዲሁ ከውርስ ውጭ ነው።

ስለ መሬት፥ በ1967 ዓ.ም. ከታወጁት አዋጆች ወዲህ መሬት የግል ርስት መሆኑ ቀርቷል። የሚወረሰው በመሬቱ ላይ ያለው ቤትና የይዞታ መብት ነው። የገጠር ይዞታ ለማን እንደሚተላለፍ የየክልሉ የመሬት ሕግ ይወስነዋልና፥ ገበሬ ከመናዘዙ በፊት የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

ወራሾችም በይሉኝታ አይዘግዩ። ውርሱን ሌላ ሰው ይዞብኛል የሚል ወራሽ፥ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀ በኋላ በ3 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ክሱ በይርጋ ሊታገድበት ይችላል። ሐዘኑ ይውጣ፥ ተዝካሩ ይለፍ፥ ታላቅ ወንድሜን አላስቀይም ሲባል ዓመታት ያልፋሉ። በአሜሪካና በዐረብ አገር የሚኖሩ ልጆች ያሉት ቤተ ሰብ ይህን በተለይ ያስብ፤ መምጣት የማይችል ወራሽ በሚኖርበት አገር ባለው ኤምባሲያችን ያረጋገጠውን ውክልና በጊዜ ይላክ።

በቤት ውስጥ የሚሰናዳ

እያንዳንዱ የቤት አባትና የቤት እናት በአንድ ማኅደር ውስጥ እነዚህን ያስቀምጥ፤ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፥ የቤት ካርታና የይዞታ ደብተር፥ የባንክ ደብተርና የአክሲዮን ወረቀት፥ የዕቁብና የዕድር ደብተር፥ ያበደረውና የተበደረው ገንዘብ ዝርዝር፥ በሌላ ሰው እጅ ያለ አደራ። ኑዛዜው የት እንዳለም አንድ የታመነ ሰው ይወቅ። ከሁሉ የሚሻለው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ማስመዝገብ ነው። ልጅ ሲወለድ፥ ትዳር ሲፈርስ፥ ቤት ሲገዛ ወይም ሲሸጥ ኑዛዜው እንደ ገና ይታይ፤ ተናዛዥ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ኑዛዜውን ለመለወጥም ለመሻርም ነጻ ነውና።

ውድ አንባብያን፤ የወንድማማች የውርስ ክስ ሲታይ፥ ብዙ ጊዜ ነገሩ የገንዘብ ፍቅር ብቻ አይደለም። «አባቴ ይህን የፈለገው ለእኔ ነበር» የሚል ሁለት ልጅ ነው የሚከራከረው፤ ሁለቱም እውነት የያዘ ይመስለዋል። መልስ ሊሰጥ የሚችለው ሰው ከመቃብር በታች ነው። በአንድ ወረቀት ላይ በጤናው ጊዜ ቃሉን ቢያስቀምጥ ኖሮ ግን ዛሬም በተናገረላቸው ነበር። እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ከመጪው ሰንበት በኋላ ከባለቤታችሁ ጋራ ተቀምጣችሁ ወረቀትና ብዕር አንሡ።