«በቃ!» የምትለው ሞለኪውል

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ከዓይናችሁ ጀርባ በተነጠፈችው ስስ ሽፋን፣ በሬቲና ነው። ጽንስ እያላችሁ ሬቲናችሁ ስትሠራ፣ ዘረመሎች «ይህን ፕሮቲን ሥሩ!» የሚል መልእክት ለህዋሶች ይልኩ ነበር። ግን ትእዛዙ ማቆሚያ ባይኖረውስ?

ለዚህ ነው ማይክሮ አር.ኤን.ኤ የምታስፈልገው። 22 ገደማ የኬሚካል ፊደላት ብቻ ናት፤ ራሷ ፕሮቲን አታሠራም። መልእክቱ ላይ ተለጥፋ «በቃ!» ትላለች። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን መጀመሪያ ያገኟት በአንዲት ደቃቅ ትል ውስጥ ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አስገኝታላቸዋለች።

ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። ሚር-204 የምትባለው ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ስትለወጥ፣ የማይገባትን መልእክት ዝም ታሰኛለች። ይህን ለውጥ የወረሱ ሰዎች ሬቲናቸው ይጎዳል፤ በጽንስነት መገጠም የነበረበት የዓይናቸው ክፍልም ክፍት ሊቀር ይችላል።