ንግሥቷም ሠራተኛዋም ከአንድ ዓይነት እንቁላል፦ በጅማ ቀፎዎች ውስጥ ያለው የሦስት ቀን ዕድል



ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ከዚያም ወደ ጌራ የተጓዘ ሰው በረጃጅም ዛፎች ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች ሳያይ አያልፍም። በኦሮምኛ ጋጉራ ይባላሉ። የበልጉ ዝናብ ጠብ ብሎ ቡናው ነጭ ሲለብስ፣ በጫካው ደግሞ ጌተምና ብሳና ሲያብቡ ንቡ ሥራ ላይ ነው። አበባው ሲያልፍ የማር ቆረጣ ይመጣል፤ በሌሊት፣ በጭስና በችቦ። በማግስቱ ማሩ ገበያ ይወጣል፤ አንዳንዱ ቀፎ ግን ከዚያ በኋላ ባዶ ይቀራል። ብዙ ጊዜ «ንቡ ኮበለለ» ይባላል። አንዳንዱ በእርግጥ ይኮበልላል። አንዳንዱ ግን ንግሥቱን አጥቶ፣ በምትኳ ሌላ ማሳደግ አቅቶት ነው ያለቀው። ለምን እንዳቃተው ለመረዳት ወደ ንቧ እጭ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ስለ ስሟ ጥቂት እንበል። በአማርኛችን የቀፎው አለቃ «አውራ» ይባላል፤ ወንድ ይመስል። ዐረቦችም የንቦችን መሪ «የዕሱብ» እያሉ እንደ አሚር ይቆጥሩት ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኔዘርላንዱ ያን ስዋመርዳም በማጉያ መነጽር ከፍቶ ሲያይ በ«ንጉሡ» ሆድ ውስጥ ያገኘው የእንቁላል ማኅፀን ነበር። አውራው እናት ናት። በቁርኣን 16ኛዋ ሱራ በንብ ስም የተጠራች መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዐረብኛ የተማሩ ደረሶቻችን ደግሞ በሱራዋ ለንቧ የተሰጡት ትእዛዞች በሴት አንቀጽ የመጡ መሆናቸውን ያስተውላሉ። የሰዋስው ጉዳይ ስለሆነ ሳይንሳዊ ማስረጃ ነው ብለን አንከራከርበትም። ግን ደስ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ንግሥቷና ሠራተኛዋ የሚፈለፈሉት ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው። ለንግሥት ተብሎ የሚጣል ልዩ እንቁላል የለም። ሁለቱም ያው ዘር፣ ያው ዘረ-መል አላቸው። ሆኖም አንዷ በ16 ቀን ገደማ ከቤቷ ትወጣለች፣ ዓመታት ትኖራለች፣ በቀን ከ1,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ሌላዋ 20 ቀን ገደማ ይፈጅባታል፣ የምትኖረው ሳምንታትን ነው፣ የእንቁላል ማኅፀኗም የጫጨ ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ምግብ ነው። እንቁላሉ በሦስተኛው ቀን ሲፈለፈል ሞግዚት ንቦች ለሁሉም እጭ ከራሳቸው እጢ የሚወጣ ነጭ ወተት መሰል ምግብ ይሰጣሉ። ለሠራተኝነት የታሰበችው ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ማርና የአበባ ዱቄት ይቀላቀልባታል፤ መጠኑም ይቀንስባታል። ለንግሥትነት የተመረጠችው ግን እስክትታሸግ ድረስ በዚያው ወተት ውስጥ ትዋኛለች። ሮያል ጄሊ እየተባለ በውድ የሚሸጠው እሱ ነው።

ምግብ ዘረ-መልን እንዴት ያዛል? በቁርኣን ቤት ያደግን ሰዎች ምሳሌው አይጠፋንም። ኪታቡ መደርደሪያ ላይ ነው። ደረሳው የዕለቱን ትምህርት ከኪታቡ ወደ ለውሁ ይገለብጣል፣ ይሠራበታል፣ ከዚያ ለውሁ ይታጠባል። በሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ ኪታቡ ነው፤ አርኤንኤ ደግሞ ለውሁ። ሕዋሱ ፕሮቲን የሚሠራው ለውሁን እያነበበ ነው። እንግዲህ በሁለቱም ላይ ትንንሽ ምልክቶች ይደረጋሉ። ምልክቱ ሜቲል ይባላል፤ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ብቻ ነው። ፊደሉን አይለውጥም፤ አነባበቡን ግን ይለውጣል። ሥራው ሜቲሌሽን ይባላል።

የንብ ሙሉ ዘረ-መል ተነቦ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ገና በተፈለፈሉ እጮች ውስጥ በዲኤንኤው ላይ ምልክቱን የሚያኖረውን ፕሮቲን አዳከሙት። አብዛኞቹ እጮች የዳበረ ማኅፀን ያላቸው ንግሥቶች ሆነው ወጡ። የንግሥት ምግብ ሳይሰጣቸው ማለት ነው!

ያ በኪታቡ ላይ ነበር። በለውሁ ላይ የተደረገው ሥራ አዲስ ነው። በ2021 የቻይና ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት በአርኤንኤ ላይ ያለውን ኤም-6-ኤ የተባለ ምልክት ተከታትሏል። ይህ ምልክት ያረፈበት መልእክት ቶሎ እንዲጠፋ ወይም እንዲቆይ፣ ብዙ ወይም ጥቂት ፕሮቲን እንዲሠራበት ያደርጋል። በሠራተኛ እጮች ላይ ምልክቱ ከንግሥት እጮች በዝቶ ተገኘ። ምልክቱን የሚቀንስ ኬሚካል ከምግባቸው ጋር ሲሰጣቸው የሠራተኛ እጮቹ ወደ ንግሥት ጠባይ አዘነበሉ። እንግዲህ ሠራተኛ መሆን ዝም ብሎ መራብ ብቻ አይደለም፤ የንግሥትነት መንገድ በምልክት እየተዘጋ የሚሄድበት ሂደት ነው።

የሚዘጋውም በቶሎ ነው። የአንድ ቀን ዕድሜ ያላትን የሠራተኛ እጭ ወደ ንግሥት ቤት ቢያዛውሯት ጥሩ ንግሥት ትወጣታለች። በሦስተኛው ቀን ብትዛወር የምትወጣው አነስ ያለች፣ ማኅፀኗም የቀነሰ ነች። ከዚያ ካለፈ የፈለገውን ያህል ሮያል ጄሊ ብትበላ አትመለስም። ንግሥት የሚያራቡ ባለሙያዎች ይህን ከሳይንቲስቶቹ ቀድመው በእጃቸው ያውቁት ነበር።

ወደ ጌራው ቀፎ እንመለስ። በሌሊት ቆረጣ ንግሥቷ በእሳት ወይም በእጅ ብትሞት መንጋው ወዲያው አይጠፋም። ንቦቹ በሰዓታት ውስጥ መጥፋቷን ይረዳሉ፤ ከሠራተኛ እጮች መካከል ትንንሾቹን መርጠው ቤታቸውን እያሰፉ እንደ ለውዝ ቅርፊት ወደ ታች የተንጠለጠለ የንግሥት ቤት ይሠራሉ። በ12 ቀን ገደማ አዲስ ንግሥት ትወጣለች። ይህ የሚሆነው ግን እንቁላል ወይም ጨቅላ እጭ ከቀረላቸው ነው። ቆራጩ እንጀራውን ከነእጩ ጠራርጎ ከወሰደው፣ የቀሩትም ዕድሜያቸው ያለፈ ከሆኑ፣ በቀፎው ውስጥ ንግሥት ልትሆን የምትችል አንዲትም ነፍስ የለችም። ከሳምንታት በኋላ ሠራተኞቹ ራሳቸው እንቁላል መጣል ይጀምራሉ፤ ያልተዳቀለ በመሆኑ የሚወጣው ድንጉላ ብቻ ነው። መንጋው እንዲህ እያለ ያልቃል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዳይገደሉ ከከለከሏቸው አራት ፍጥረታት አንዷ ንብ መሆኗን አቡ ዳውድ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። በእሳት መቅጣትም እንደተከለከለ ዑለሞቻችን በተደጋጋሚ አስተምረውናል። ችቦውን በቀፎው አፍ የሚሰድ ወንድማችን ንብ ለመግደል አስቦ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ መነደፍን ፈርቶ ነው። ብዙ እርጥብ ጭስ ያለ ነበልባል ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል።

በረጅሙ ባህላዊ ቀፎ ውስጥ ንቦቹ አብዛኛውን ጊዜ እጩን ወደ መግቢያቸው አቅራቢያ፣ ማሩን ወደ ኋላ ያደርጉታል። ስለዚህ ከኋላ በኩል ከፍቶ መጀመር ይሻላል። የማሩ ክዳን ነጣ ያለና ለጥ ያለ ሰም ነው፤ የእጩ ክዳን ቡናማ፣ ጎበጥ ያለና ሻካራ ነው። ቡናማው የታየበት እንጀራ ላይ ቢላዋው ይቁም። እንቁላሉና ጨቅላው እጭ ያሉት እዚያው አካባቢ ነው፤ በባትሪ ብርሃን ካዩት በጉድጓዱ ግርጌ ነጭ ወተት ውስጥ የተጠቀለለ ኢምንት ትል ይመስላል። እጭ የተቀላቀለበት ማር ደግሞ ቶሎ ይቦካል፤ በአጋሮም ሆነ በጅማ ገበያ ነጋዴው ዋጋውን የሚሰብረውም ለዚህ ነው።

ከቆረጣው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ መግቢያውን መመልከት ነው። ንቦቹ በእግራቸው የአበባ ዱቄት ተሸክመው በብዛት የሚገቡ ከሆነ በአብዛኛው ውስጥ የሚመገብ እጭ አለ ማለት ነው። ዱቄት የሚያስገባ ከጠፋና ድንጉላው ከበዛ ግን ከጎረቤት ቀፎ እንቁላልና ጨቅላ እጭ ያለበት ቁራጭ እንጀራ ለምኖ መስጠት ይቻላል፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው መጣል ሳይጀምሩ ከተደረሰበት ቀሪውን እነሱ ይሠሩታል።