የኦዲተሩ ፊርማ የማን ፊርማ ነው?

የአክሲዮን ማኅበር ዓመታዊ ሒሳብ ታትሞ ሲወጣ አንባቢው በመጀመሪያ የሚፈልገው የትርፉን መጠን፣ ቀጥሎም ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰውን ድርሻ ነው። የሒሳብ መርማሪው ማለት የኦዲተሩ ቃል የታተመበትን ገጽ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው፤ የሚያነበውም ቢሆን የድርጅቱን ማኅተም አይቶ ያልፋል። ከማኅተሙ በስተጀርባ መዝገቡን የገለጠው፣ መጋዘኑን የቈጠረው፣ በመጨረሻም ለሒሳቡ ትክክለኛነት የመሰከረው ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ገና አልተለመደም። ለባለአክሲዮኑ ገንዘብ ደኅንነት ግን ከድርጅቱ ስም ይልቅ የዚያ ሰው ማንነት የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ሰዎች ብቻ አይደለም። በቡሬ በርበሬና በቆሎ ከሚነግዱት፣ በፍኖተ ሰላም ሱቅ ከከፈቱት፣ በየገጠሩ ገበያ እህል ከሚሰበስቡት ነጋዴዎች መካከል ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የባንክ ባለአክሲዮን የሆኑት ጥቂቶች አይደሉም። አማራ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ባለአክሲዮኖች ነበሩት። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቶ፣ ወጋገን ባንክ አክሲዮኑን በማስመዝገብ የመጀመሪያው ሆነ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን መገበያያ ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ስለ ተቋረጠ፣ ነገሩ ለአብዛኛው ነጋዴ አዲስ ነው። ከዚህ ቀደም ሰው አክሲዮን የሚገዛው የሚያውቀው ሰው አግባብቶት ነበር፤ በገበያው በኩል ግን አይቶት የማያውቀውን ኩባንያ ድርሻ ሊገዛ ይችላል። እንዲህ ያለው ገዢ ከኩባንያው ውጭ ያለው ዋና ምስክር የኦዲተሩ ቃል ነው።

ኦዲተር ሰው መሆኑን ሕግ አውጪዎቻችን ቀድመው አውቀውታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ መሥራቾች፣ ዲሬክተሮች፣ የትዳር ጓደኞቻቸውና እስከ አራተኛ ደረጃ የሚቈጠሩ የሥጋና የጋብቻ ዘመዶቻቸው የማኅበሩ ኦዲተር ሆነው እንዳይመረጡ ከልክሎ ነበር። ያ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ የንግድ ሕግ ተተክቷል። የኦዲተሮችን ሙያ የሚቈጣጠረውም የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚከለክለው የታወቀ ዝምድናን ነው፤ ትጋትንና ድፍረትን በአንቀጽ ማዘዝ አይቻልም።

ምርመራ የቁጥር ሥራ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ሰኔ 30 ቀን ቡሬ ወርደው አንድ መጋዘን ቢያዩ መልካም ነበር። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ክረምት በገባበት ወቅት ነው። በበጋ ደርቆ የገባው በርበሬ እርጥበት ስቦ ክብደቱ ተለውጧል፤ የበቆሎው ጆንያ እስከ ጣራ ድረስ ተደርድሯል። አንዱ መርማሪ በር ላይ ቆሞ የፊቱን ረድፍ ይቈጥርና በወርዱና በቁመቱ አባዝቶ ይጽፋል። ሌላው ከክምሩ ላይ ይወጣል፤ መካከሉ ባዶ አለመሆኑን ያያል፤ ከታችኛው ረድፍ ሳይቀር ጆንያ አስወጥቶ ያስፈታል፤ አንዳንዱን በሚዛን ያስመዝናል፤ ነቀዝ የገባበትን ለይቶ በመዝገብ ላይ ያለው ዋጋ እንዲቀነስ ይጠይቃል። ሁለቱም ከአንድ ድርጅት የመጡ፣ አንድ ዓይነት መመሪያ የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። በመጨረሻ የሚታተመው ቃልም በፊደል አይለያይም። (እህል ነጋዴ የሆነው አንባቢያችን ይህን ከማንኛውም ምሁር ይበልጥ ያውቀዋል፤ እርሱ ራሱ ጆንያውን ሳያስወጋ አይገዛምና።)

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ደግሞ ፈተናው ይከብዳል። ወደ መጋዘኑ መድረስ ያልቻለ መርማሪ በስልክ የተላከለትን ፎቶግራፍ ተቀብሎ ሊፈርም ይችላል፤ ወይም «ይህን ንብረት በዓይኔ አላረጋገጥሁም» ብሎ አስተያየቱን በገደብ ሊሰጥ ይችላል። ሁለተኛው ቃል ለሥራ አስኪያጁ መራራ ነው፤ ለቀጣዩ ዓመት ሹመቱም ሊያስጋ ይችላል። እዚህ ላይ የሚወስነው የሰውዬው ጠባይ ነው።

በባንክም እንደዚሁ ነው። ሱቁ ተዘግቶ የከረመ ተበዳሪ ዕዳውን ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? ይህን የሚመልስ ደረሰኝ የለም፤ የባንኩን ግምት መዝኖ «መጠባበቂያው አንሷል» ማለት ወይም ዝም ብሎ መቀበል የአንድ ሰው ፍርድ ነው። በዚያ ፍርድ ልክ የዓመቱ ትርፍ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል።

የውጭ አገሩ ታሪክ ይህንን በግልጥ ያሳያል። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኃይል ንግድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ሲከስር ኦዲተሩ አርተር አንደርሰን የተባለው ስመ ጥር ድርጅት ነበር። በሂውስተን ሆነው ምርመራውን ይመሩ የነበሩት ሚስተር ዴቪድ ደንካን ናቸው። በዚያው ድርጅት የሙያ ደረጃ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሚስተር ካርል ባስ ግን የኤንሮንን የሒሳብ አያያዝ ይቃወሙ ነበር። ኤንሮን በእርሳቸው ቅር ስለ ተሰኘ በ2001 መጀመሪያ ገደማ ከጉዳዩ እንዲገለሉ ተደረገ። አንድ ማኅተም፣ ሁለት ሰዎች፤ የተሰማው የአንደኛው ቃል ነው። ወደ 85 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች የነበሩት አንደርሰን በ2002 ፍትሕን በማደናቀፍ ተፈረደበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 ፍርዱን ሲሽረው ድርጅቱ አስቀድሞ ፈርሶ ነበር።

በቻይና ሪፖርቱ ላይ ግለሰቦቹ ኦዲተሮች በስማቸው ስለሚፈርሙ፣ የእያንዳንዱን ሥራ ለይቶ መከታተል ተችሏል። ጉል፣ ዉ እና ያንግ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ በገበያ በተመዘገቡ የቻይና ኩባንያዎች የምርመራው ጥራት ከአንዱ ኦዲተር ወደ ሌላው እንደሚለያይ አሳይተዋል። ለልዩነቱም በከፊል ምክንያት ሆነው የተገኙት የትምህርት ደረጃ፣ በትልልቅ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የተገኘ ልምድ፣ በድርጅቱ ውስጥ ያለው ማዕረግና የፖለቲካ አባልነት ናቸው። ከስዊድን በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የአንድ ኦዲተር ልልነት ወይም ጥብቅነት ከደንበኛ ወደ ደንበኛ፣ ከዓመት ወደ ዓመት እንደሚከተለው አመልክቷል። እንግሊዞች ከ2008 ጀምሮ ኃላፊው ኦዲተር በገዛ ስሙ እንዲፈርም አድርገዋል፤ አሜሪካኖችም ከ2017 ጀምሮ ስሙ ለሕዝብ እንዲገለጥ ደንግገዋል።

በአገራችን ብዙዎቹ የኦዲት ድርጅቶች በባለቤቶቻቸው ስም የሚጠሩ አነስተኛ ድርጅቶች ስለሆኑ፣ የሰውዬውን ማንነት ማወቅ ከሌላው አገር ይልቅ ይቀላል። ነገር ግን ስሙ በበሩ ላይ የተጻፈው ሰው ቡሬ ድረስ የወረደው ሰው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ባለአክሲዮኑ በጠቅላላ ጉባዔ ተነሥቶ ምርመራውን በቦታው የመራው ማን እንደሆነ፣ ስንት ዓመት በዚሁ ኩባንያ ላይ እንደሠራ፣ የትኞቹን ቅርንጫፎችና መጋዘኖች በአካል እንደ ጐበኘ፣ ከኦዲት ሌላም ለኩባንያው የሚሠራው ሥራ እንዳለ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ጉባዔው የሚሾመው ኦዲተር ለጉባዔው መልስ ሊሰጥ ይገባዋል።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። የባንኮች ጉባዔ በአብዛኛው የሚደረገው በአዲስ አበባ፣ በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ነው፤ ያ ወቅት ደግሞ ለጎጃም ነጋዴ የአዝመራና የግዢ ጊዜ ነው። ዓባይን ተሻግሮ የሄደውም ቢሆን የትርፍ ክፍፍሉ ከተነገረ በኋላ ወደ አውቶቡሱ ይቸኩላል፤ የኦዲተር ሹመትና አበል ግን ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ከአጀንዳው መጨረሻ፣ አዳራሹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።